የበረንዳ ወንበር ተገልብጦ ታይቶ ነው የሚገዛው

ለበረንዳችን የመጀመሪያውን ወንበርና ጠረጴዛ የገዛነው በግንቦት 2011 ዓ.ም. ነበር። ክረምቱ ደጅ ላይ መቆሙን ብናውቅም፣ ሻጩ «ይኼ ለውጭ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዝናብም ፀሐይም አይነካውም» ስላለን ሌላ ጥያቄ ሳንጨምር ከፍለን አስጫንን። በነሐሴ አጋማሽ አንድ እሑድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ቡናውን ውጭ እናፍላ ብለን ወጣን፤ ባለቤቴ የሦስት ሰው መቀመጫውን ትራስ ብድግ ሲያደርገው ከስፖንጁ የወረደው ውኃ ጫማውን አራሰው። ከትራሱ ሥር ያለው የፕላስቲክ ሽምን አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ወንበሩን ገለል ስናደርገው ደግሞ እግሮቹ ባረፉበት ሴራሚክ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህሉ አራት የዝገት ክቦች ታትመው አገኘን። ከአራቱ አንዱ በሎሚም፣ በኮምጣጤም፣ በበረኪናም ቢታሽ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ቤታችን ኮተቤ አካባቢ ነው። በረንዳው 5.20 ሜትር ርዝመትና 2.40 ሜትር ወርድ አለው፤ ፊቱ ወደ ደቡብ የዞረ ሲሆን የቤቱ ጣሪያ እስከ ወለሉ ጠርዝ ድረስ ይሸፍነዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንም ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት የራሱን በረንዳ ልኬትና አቅጣጫ በወረቀት ይዞ መውጣት እንዳለበት ዘግይቶም ቢሆን ስለ ገባኝ ነው። የምጽፈው ሁሉ እንደ አዲስ አበባ ላለ ደጋ ከተማ የሚሆን ነው፤ ሙቀትና ምስጥ በሚበረታበት ቆላ የሚኖር ሰው አንዳንዱን ነገር በራሱ አገር ልክ ሊያስተካክለው ይገባል።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ወንበሮቹን ወደ ግቢ አውጥተን ገለበጥናቸው። በሱቁ መብራት ሥር ስናያቸው ያማሩን ከላይ በኩል ብቻ ነበር። ከሥር ሲታዩ ግን ፕላስቲኩ ሽምን በስቴፕል ተመትቶ የተንጠለጠለ ነው፤ ብየዳው የተጋጠመባቸው ቦታዎች ቀለም አልነካቸውም፤ እግሮቹ ከታች በፕላስቲክ ክዳን ስለተደፈኑ በብሎኖቹ ቀዳዳ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ብረቱን ከውስጥ ሲበላው ከርሟል። ሻጩ ቱቦው አሉሚኒየም ነው ብሎን ነበር። ልጃችን ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት አምጥቶ ሲያስጠጋው ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። ማግኔት አሉሚኒየምን እንደማይስብ እኛም በትምህርት ቤት ተምረን ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ግን ማናችንም ትዝ አላለንም።

ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ማግኔት አትጠፋም፣ ዕቃውንም ገልብጬ ሳላይ ዋጋ አልጠይቅም። አንድ ባለ ሱቅ ወንበሩን አጋድሜ ሥሩን ስዳብስ አይቶ «ምነው እመቤት፣ በግ ነው እንዴ የሚገዙት?» ብሎኛል። ተሳሳቅን እንጂ አልተቀየምኩትም፤ በግ የሚገዛ ሰው ላቱን ሳይዳብስ አይከፍልም፣ ወንበሩ ደግሞ ከበጉ ይልቅ ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል ብዬ አሰብኩ። ስገለብጥ የማየው አራት ነገር ነው፦ ውኃ የሚገባበት ቦታ ካለ የሚወጣበት ቀዳዳ መኖሩን፣ ቀለሙ ለዓይን በማይታየው በኩልም መድረሱን፣ ብሎኖቹ የማይዝጉ መሆናቸውን፣ እግሩም ወለሉን የሚነካው በምን እንደ ሆነ።

ያን ክረምት ዝናቡን ብቻ ስንወቅስ ከረምን፤ ነገር ግን በቀጣዩ በጋ ሽምኑ መታጠፊያው ላይ እየተሰነጠቀ ሲረግፍና ሰማያዊው ትራስ ወደ አመድማ ሲለወጥ፣ ፀሐይዋም ድርሻ እንዳላት ተረዳን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከልጃችን ጋር ጠመኔ ይዘን በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት ተኩልና በዘጠኝ ሰዓት ጥላው የሚያልቅበትን መስመር ወለሉ ላይ አሰመርን። እኩለ ቀን ላይ ከበረንዳው 2.40 ሜትር ወርድ 1.80 ሜትር ያህሉ ፀሐይ ነበረበት፤ ጥላ የቀረው በግድግዳው ጥግ ያለው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ምክንያቱን በኋላ አሰላሁት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ በሰሜን በኩል፣ በቀሪዎቹ ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ እንደ እኛ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ፀሐይ የሚገባበት ሰማዩ ጥርት በሚልበት በጋ ነው፤ ወደ ሰሜን የዞረው ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይን የሚያገኘው በአብዛኛው ደመና በሚጋርዳት ክረምት ስለሆነ፣ ጨርቁም ፕላስቲኩም እዚያ ይበልጥ ይቆያል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል፤ ከተማችን ያለችው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ለሚኖር ሰው ታስቦ የተሠራ ፕላስቲክ ወንበር እኛ ዘንድ በቶሎ ነጭ ዱቄት ማውጣትና መሰባበር ሲጀምር ሊገርመን አይገባም።

በሐምሌ ተመሳሳዩን ለዝናቡ አደረግነው። ነፋስ የገፋው ዝናብ ወለሉን የሚያረጥበው ከጠርዙ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነበር። እኛ ግን የሦስት ሰው መቀመጫውን ጀርባውን ለግቢው ሰጥተን ልክ እዚያው ጠርዝ ላይ ደርድረነዋል፤ ፊታችንን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙረን እንቀመጥ ነበር ማለት ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረግን ዛሬ ስጠየቅ መልስ የለኝም። አሁን ጨርቅና ስፖንጅ ያለበት ሁሉ ከግድግዳው ጋር ተጠግቷል፣ ፊቱም ወደ ግቢው ነው፤ ወደ ጠርዙ የወጣው እንጨትና ብረት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ትተን ሁለተኛ ስናሠራ እንጨቱን የሠሩልን በሰፈራችን የሚታወቁ አንድ አዛውንት አናጢ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሄጄ «ጋሼ፣ ዝናብ የማይነካው እንጨት የትኛው ነው?» ብላቸው መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይርጠብ፣ ግድ የለም፤ የሚደርቅበትን ስጪው» አሉኝ። ከዚያም የባህር ዛፍ ቁራጭ አንሥተው የተቆረጠ ጫፉን ትንሽ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቆሙትና ሻይ አዘዙልኝ። ሻያችንን ጠጥተን ስንመለስ እርጥበቱ ከውኃው በላይ የአንድ ጣት ወርድ ያህል በእንጨቱ ውስጥ ወጥቷል። እንጨት በጎኑ ከሚጠጣው ይልቅ በጫፉ የሚጠጣው እንደሚበልጥ፣ የወንበር እግር መበስበስ የሚጀምረውም ከታች ለዚህ እንደሆነ በዚያች ብርጭቆ ገባኝ። ለእኛ ሲሠሩ የእያንዳንዱን እግር ጫፍ አስቀድመው ዘይት አጠጥተው፣ ከሥሩ በቪስ የታሰረች ወፍራም የፕላስቲክ ቁራጭ አደረጉለት። እግሩን ሙሉ በሙሉ የሚያለብሰውን የጎማ ጫማ ግን «ውኃ ይቋጥራል» ብለው አልተቀበሉትም።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ከእሳቸው የተማርኩትን ባጭሩ ላስፍረው። ጥድ ለምስጥም ለእርጥበትም አይበገርም፤ ሲላግ የሚሰጠው ሽታ ብቻውን ይለየዋል። ዋንዛ ለመሥራት ገር ነው፣ ቀለሙም ያምራል፤ ዝናብ በማይደርስበት በግድግዳው በኩል ያሉት ሁለቱ ወንበሮቻችን ከዋንዛ የተሠሩ ናቸው። ባህር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ አናጢው ለምሰሶ እንጂ ለጠረጴዛ ፊት አልመረጡትም። ጥድና ዋንዛ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የከለከላቸው ዛፎች ስለሆኑ፣ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ ያገኘነው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጥድ ወራጅ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ጣሪያ ሥር የደረቀ እንጨት ከእንግዲህ አይጣመምም፤ ዋጋውም ከአዲሱ ይቀንስ ነበር። ችግሩ የተደበቀ ሚስማር ነው፤ አንዱ የአናጢውን የመጋዝ ጥርስ ሰብሮባቸው ለእሱም ከፍለናል።

የጠረጴዛው ፊት ወጥ ጠፍጣፋ አይደለም። በየጣውላው መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቷል፤ ውኃው በዚያ ወርዶ ጣውላው ከአራቱም ጎን አየር ያገኛል። ቫርኒሽ አልቀባነውም። ቫርኒሽ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ፀሐይ ሰንጥቃው ውኃ ከሥሩ ይገባና እንደ ተላጠ ቆዳ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ፍቆ እንደገና ከመጀመር ሌላ መድኃኒት የለውም። እኛ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥቅምትና በግንቦት፣ ለእንጨት የሚሸጠውን የተልባ ዘይት በጨርቅ እናሻዋለን፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ገመድ ላይ ተዘርግቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

የጠረጴዛው እግርና አግዳሚው ግን ብረት ነው። ለብረታ ብረት ቤቱ ያዘዝኩት 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነበር፤ ቀጭኑ ዋጋው ቢቀንስም ሲበየድ ይበሳል፣ ሲቆይም ይጎብጣል። በያጁ ወጣት ትጉህ ልጅ ነው፤ ሆኖም የብየዳውን ቅርፊት ሳያነሣ ቀለም ሊቀባ ሲል ደረስኩበት። «ማዘር፣ ቀለሙ እኮ ይሸፍነዋል» አለኝ። በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ እንዲያደርገው ለመንኩት፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ቀለሙም አብሮ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሳልነግረው ሁሉንም አራግፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ ሁለት ጊዜ ከሥርም ከላይም ቀባው። በእያንዳንዱ እግር ታችኛ ጫፍ ላይ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ እንዲበሳ አደረግን። ከላይ በብየዳ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ፣ ከታች የሚተነፍስ እግር እስካሁን አንዲት የዝገት ክብ አላተመም።

መስተዋት ፊት ያለው ጠረጴዛ ለሚያስቡ ሰዎች የምለው ጥቂት ነው፦ የበጋው አቧራ በቀን ሁለት ጊዜ ያስወለውላል፣ የክረምቱ በረዶም አለ።

ቀርከሃንም ሞክረነዋል። አገራችን በቀርከሃ ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደ መሆኗ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ወንበር ዋጋው ጥሩ፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ከገዛን ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከወንበሩ ሥር በየጠዋቱ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ተከምሮ እናገኝ ጀመር፤ ነቀዝ ገብቶበታል። ነቀዙ የሚፈልገው ቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ስለሆነ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለጋ ሳለ የተቆረጠውና ቦራክስ የሚባለው ነቀዝ የሚከላከል ጨው በሟሟበት ውኃ ያልተዘፈዘፈው በቶሎ ይበላል። ቀርከሃ መግዛት የሚፈልግ ሰው ሠሪውን ይህን ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ሠሪው ጥያቄው ከገባው ግማሹ ሥጋት ቀርቷል።

ወደ ልኬቱ ልመለስ። የመጀመሪያው የሦስት ሰው መቀመጫ ከፊት ወደ ኋላ 85 ሴንቲ ሜትር፣ ጠረጴዛው 70 ሴንቲ ሜትር ነበር። ፊት ለፊታቸው ያለው ወንበር ሲጨመር ለመተላለፊያ የተረፈው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እናቴ የሲኒውን ትሪ ይዛ በጎኗ እየተሽሎከለከች ስታልፍ «አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ሰፊ ነው ስትይኝ አልነበረም?» ትለኝ ነበር። ሁለተኛውን ስናዝ አሮጌ ጋዜጣ በእያንዳንዱ ዕቃ ልክ ቆርጠን ወለሉ ላይ አነጠፍን፣ ለሁለት ቀንም በመካከሉ ተመላለስንበት። ለምግብ የሚሆን ጠረጴዛ ከፍታው 75፣ የወንበሩ መቀመጫ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል፤ ከወንበሩ ኋላ ሰው ተነሥቶ እንዲወጣ ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር መተው ያስፈልጋል። የቤቱ በር ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የበሩ ቅስትም በጋዜጣው ውስጥ መቆጠር አለበት። ለእኛ በረንዳ በመጨረሻ የበቃው ወርዱ 70፣ ርዝመቱ 1.40 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ፣ ጀርባ የሌለው አንድ አግዳሚና አራት ወንበር ነው። አግዳሚው ሰው በሌለ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ይገባል።

ለትራሱ ጨርቅ ስመርጥ የተማርኩት አንድ ነገር ብዙ ገንዘብ አድኖልኛል። ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ፣ በመቀስ ቆርጦ፣ ውስጡን ማየት ነው። አንዳንዱ ክር እንደ ፖም ነው፤ ቀለሙ ልጣጩ ላይ ብቻ ሆኖ ውስጡ ነጭ ይሆናል፣ ፀሐይዋም ልጣጩን ትወስደዋለች። አንዳንዱ እንደ ካሮት እስከ መሐሉ ቀለም አለው፤ ይህ ክሩ ሳይወጣ በፊት ቀለሙ ከጥሬ ዕቃው ጋር የተቀላቀለበት ነው፣ ዋጋው ቢወደድም ይቆያል። እኛ አቅማችን ለሁሉም ስላልፈቀደ ካሮቱን ለመቀመጫው፣ ፖሙን ጥላ ውስጥ ለሚውለው መደገፊያ አደረግነው። ስፖንጁ ከ10 ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ወፍራሙ ሲቀመጡበት ይመቻል፤ ነገር ግን ነሐሴ ላይ አንዴ ከራሰ በአራት ቀንም አልደረቀልንም፣ ቀጭኑ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይደርቃል። የልባሱ የታችኛው ፊት መረብ ነው፣ ዚፕም አለው። ማታ ማታ ሁሉም በግድግዳው ጥግ ባለው ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑ ራሱ መቀመጫ ሆኖ ሁለት ሰው ይይዛል። በዚያው ሣጥን ሁለት አሮጌ ጋቢ ይቀመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ውጭ ለመቀመጥ ከገዛነው ማሟያ ሁሉ ይልቅ የጠቀመን ያ ጋቢ ነው።

ጃንጥላ ገዝተን ተጸጽተናል። እግሩን በአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን አቁመነው ነበር፤ ለአንድ ሰው የማይነሣ ክብደት ቢሆንም የመጋቢት ነፋስ ጃንጥላውን ገልብጦ ዘንጉን አጎበጠው። ጣሪያ ላለው በረንዳ ከላይ ከሚዘረጋ ይልቅ ከጠርዙ የሚወርድ ጥላ እንደሚሻል ዘግይተን አየን። አሁን በደቡቡ በኩል እየተጠቀለለ የሚወጣና የሚወርድ የሸምበቆ መጋረጃ ሰቅለናል፤ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ግማሽ ድረስ እናወርደዋለን፣ ክረምት ሲመጣ አውርደን ቤት እናስገባዋለን። መብራቱ ቢጫ አምፖል ቢሆን ነፍሳት ከነጩ ያነሰ ይመጡበታል።

የቡናውን ቦታ ለብቻው መወሰን ነበረብን። የፕላስቲክ ሽምንና የፕላስቲክ ምንጣፍ ከፍም ጋር አይስማሙም፤ አንድ ጊዜ ከምድጃው የዘለለች ፍንጣሪ ምንጣፉን በስታው፣ ለልጆቹ እግር ስል ደንግጫለሁ። ስለዚህ በምሥራቁ ጥግ 1.20 ሜትር በ1.20 ሜትር የሚሆን ባዶ ሴራሚክ ትተናል፤ ረከቦቱና ምድጃው እዚያ ነው፣ ቄጠማውም የሚጎዘጎዘው ከምድጃው ራቅ ብሎ ነው። ቡና የምታፈላው ሰው ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ሁለት የጅማ በርጩማዎች አሉን። እነዚህ ውጭ አያድሩም፤ ወጥ እንጨት ስለሆኑ ፀሐይ ከመሐላቸው ትሰነጥቃቸዋለች፣ አንዱ ላይ ያለው ስንጥቅ የዚያ ምስክር ነው።

አበባውን በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እጅ በወጡ ማሰሮዎች ተክለናል። ሲታዘዙ ከሥር ቀዳዳ እንዲተውላቸው መንገር ይገባል፤ በኋላ ልብሳ ሲሉ ይሰበራሉ። ጠጅ ሣር፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ፀሐዩን ችለው ጠርዙ ላይ ይኖራሉ፤ ጤና አዳሙ ደግሞ ለቡናው ከእጅ አይርቅም።

የብረቱን ጠረጴዛ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ሳይበረታ እንገለብጠዋለን። ባለቤቴ በረጅም ሚስማር የእግሮቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይወጋል፣ እኔ ቀለሙ የተፋቀበትን አንቲረስት እነካካለሁ። ባለፈው ዓመት ከአራቱ አንዱን ቀዳዳ ተርብ በጭቃ ደፍናው አገኘን። ጭቃው ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲቆም ከእግሩ ውስጥ ግማሽ ሲኒ የማይሞላ ቡናማ ውኃ ወጣ።